ቀስ ተብሎ የተሠራ ሹሩባ

ፀጉር ሠሪዋን ሰፈሩ ሁሉ «ጥድፊያ» ነበር የሚላት። ሌላዋ ሠሪ የፀጉር መስመር አውጥታ ሳትጨርስ እሷ ጫፉን ቋጥራ «ተነሺ፣ አልቋል» ትላለች። ምሳዋን እንኳ ቆማ ነው የምትበላው። ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠና ያለች ሴትዮ የአንዲት ትንሽ ልጅ ክንድ ይዛ ገባችና፣ «እጅሽ ፈጣን ነው ብለውኝ ነው የመጣሁት» አለቻት። «የእህቴ ልጅ ናት። ራቅ ያለ አገር ሰው ቤት ልትቀመጥ ነው፤ አውቶቡስ ሳያመልጠን ሹሩባ ሥሪያት። ሰው መስላ ትግባላቸው።» ጥድፊያ ደስ ብሏት ተቀበለቻቸው። ሙገሳ ማን ይጠላል!

ልጅቷ ወንበሩ ላይ ወጥታ ስትቀመጥ እግሯ መሬት አልነካም። ስሟን ብትጠየቅ መስታወቱ ውስጥ ሴትዮዋን አየችና ዓይኗን ወደ ጉልበቷ መለሰች።

«ዓይናፋር ናት» አለች ሴትዮዋ፣ ከኋላ ሶፋው ላይ ተደላድላ።

ጥድፊያ ጨርቁን አልብሳት ፀጉሯን በማበጠሪያ ጭራ ከፈል አደረገችው። ከጆሮዋ በላይ ክብ ጠባሳ አለ። ከፍ ስትል ሌላ። ማጅራቷ አጠገብ ደግሞ ገና ያልደረቀ፣ ውሃ የቋጠረ። ፀጉር በምትተኩስበት ፒያስትራ ጣቷን ስታቃጥል የኖረች ፀጉር ሠሪ ቃጠሎ አይጠፋትም።

«ይሄ ምን ሆና ነው?» አለች፣ ድምፅዋን እንደምንም አለስልሳ።

«ወድቃ ነዋ! ቀልቃላ ናት፣ አንድ ቦታ አርፋ አትቀመጥም።»

ቀልቃላ የተባለችው ልጅ ከተቀመጠች ጀምሮ ጣቷን እንኳ አላንቀሳቀሰችም።

ጥድፊያ «ውሃ ላሙቅ» ብላ ጓዳ ገባች። ቧንቧውን ለቀቀችና የወንድሟ ሚስት ጋ ደወለች፤ ፖሊስ ጣቢያ፣ የሕፃናት ጉዳይ ክፍል ነው የምትሠራው። አፏን በእጇ ሸፍና ያየችውን ሁሉ ነገረቻት።

«ልጅቷን እንዳታስወጪያት» አለች የወንድሟ ሚስት። «ሴትዮዋም እንዳትነቃብሽ። የእኛ መኪና ወጥቷል፤ ሌላ ፈልጌ እመጣለሁ።»

«መቼ?»

«እኔ እንጃ! ብቻ እንደምንም አቆዪያት።»

አቆዪያት ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው። ዕድሜዋን በሙሉ በጥድፊያ የኖረች ሴት እዚያው ቆማ ማዝገም መማር ነበረባት። ተመልሳ ሹሩባውን ስስ ስስ አድርጋ ጀመረች። ማበጠሪያ ጣለችና ጎንበስ ብላ ፈለገች። ቅባት ጠፋብኝ አለች፤ ቅባቱ እጇ ላይ ነበር። ብሳሳትስ? የሰው ስም አጥፍቼ ሰፈሩ ሁሉ «ነገረኛ» ቢለኝስ? ልክ ሆኜ ደግሞ ሰው ሳይደርስስ? አውቶቡሱ አንዴ ከሄደ ይህችን ልጅ ማን፣ የት ብሎ ያገኛታል? የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ወደ በሩ ትመለከታለች፤ መኪናው ሁሉ ያልፋል።

«አንቺ፣ ይሄ ነው ፍጥነትሽ?» አለች ሴትዮዋ። «ለመሆኑ ያን ስም ማን አወጣልሽ?»

«ፀጉሯ ልስልስ ነው እኮ እትዬ፤ ከእጅ ያመልጣል።»

«ወፍራም ወፍራም አድርጊና ገላግይኝ!»

ጥድፊያ ወደ ሌላው ጎን ዞረች። ተመልሳ ስታይ በግራ በኩል የጨረሰችው አንድ ጉንጉን ተፈቷል። ደህና አልቋጠርኩትም ብላ ደግማ ሠራችው። ትንሽ ቆይታ ስታይ ከጎኑ ያለውም ተፈቷል። ጭንቀቱ ጣቴን አሰረው ብላ ራሷን ረገመች። ሌላውን ስትቋጥር ግን ዓይኗን ዝቅ አደረገች። ልጅቷ ከጨርቁ ሥር ትንሿን እጇን አውጥታ፣ ሴትዮዋ በማታይበት በኩል፣ ጫፉን ይዛ ቀስ ብላ ትፈታለች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። የምትሠራው ጣቷ ብቻ ናት።

የጥድፊያ እንባ መጣ፤ በክንዷ ጠረገችው። ብሳሳትስ የሚለው ሐሳብ በዚያው ወጣላት። ከዚያ በኋላ እሷ ትሠራለች፣ ልጅቷ ትፈታለች፤ አይተያዩም።

«በቃ!» አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ፣ ብድግ ብላ። «ሻሽ አስርባታለሁ። ተነሺ አንቺ!» የልጅቷን ክንድ ያዘች።

ጥድፊያ መሀል ገባች። «ግማሽ ራስ ሠርቼ ከቤቴ አላስወጣም።»

«ምን አገባሽ?»

«ያገባኛል እንጂ እትዬ። በእኔ እጅ የተጀመረ ነው።» ወደ በሩ ሄደችና ቆለፈችው፤ ቁልፉንም ኪሷ ከተተችው።

«አብደሻል እንዴ? ልጮህ ነው!»

«ይጩሁ። ሰው ቢሰማልን ደስ ይለኛል።»

ሴትዮዋ እውነትም ጮኸች። ቁልፉን ከኪሷ ልትነጥቃት ስትታገል፣ የሴትዮዋ ሽቶ አፍንጫዋን ሲሞላው፣ ጥድፊያ የበሩን እጀታ አልለቀቀችም። ወዲያው በሩ ከውጭ ተንኳኳ። «ክፈቺ!» የሚለው የወንድሟ ሚስት ድምፅ ነበር። ጥድፊያ ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ በሩን ከፈተች።

የሴትዮዋ ድምፅ ባንዴ ማር ማር አለ። «ኧረ የእህቴ ልጅ ናት! ምን ጉድ ነው ይሄ?» የወንድሟ ሚስት ልጅቷ ፊት በርከክ ብላ፣ «ማንም አይወስድሽም፤ እዚሁ ቁጭ በይ» አለቻት። ከዚያ አብሯት ከመጣው ባልደረባዋ ጋር ሆነው ሴትዮዋን ለጥያቄ ወደ ውጭ ይዘዋት ወጡ።

ልጅቷ ግማሹ የተሠራ፣ ግማሹ የተበተነ ራሷን በመስታወቱ ውስጥ ተመለከተች። እጇን ወደ ጨርቁ ሥር መልሳ ከታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፈተች።

«እትዬ፣ አሁን ቶሎ መሥራት ይችላሉ።»

ጥድፊያ ማበጠሪያዋን አነሳች። እጇ ግን እየተንቀጠቀጠ አንዲት መስመር እንኳ ማውጣት አቃታት።