ለማገዶ የተባሉ ወንበሮች

«ኧረ ጋሼ፣ እዚህ አልጋው ጠርዝ ላይ እንኳ አረፍ ይበሉ» አለች የሟች ልጅ።

ከመንገዱ ማዶ የሚሠራው ሽማግሌ አናጢ ራሱን ነቀነቀ። ጉልበቱን እንደሚያመው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አልጋው ግን በሴቶች ሞልቷል፣ አንዷን አግዳሚም የሟች እህቶች ይዘዋታል። ሟቹም አናጢ ነበር፤ የአናጢ ቤት ለቅሶ የመጣ ሰው ግን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

የሟች ሚስት ዓይኗ ከጓሮው በር አልነቀል አለ። እዚያ መሥሪያ ክፍል ውስጥ፣ ሸራ የለበሱ ወንበሮች ተደራርበዋል።

ባሏ በሕይወት ሳለ ወንበር ሠርቶ ሲጨርስ ፀሐይ ላይ ያወጣውና ይዞረው ነበር። እንከን አያጣለትም። እንከኑን በእርሳስ ይከብበዋል፣ ወንበሩን ሸራ ያለብሰዋል፣ ከዚያ እራቱን ሳይቀምስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። በርና መስኮት ግን ይሸጥ ነበር፤ «በር ሰው ይከፍተዋል እንጂ መች ያየዋል» ይላል። ለቤቱ ከሌላ እንዳይገዛ ኩራቱ፣ የራሱን እንዳያስገባ ሐፍረቱ ያዘው።

«አንተ ሰውዬ፣ ካንተ በቀር እኮ እንከኑን ማንም አያየውም» ትለዋለች።

«እኔስ? ሰው አይደለሁም?»

መጀመሪያ ትስቅበት ነበር። እያደር ግን ጨዋታው ሁሉ ጠፋ፤ እንግዳ መጥራትም ጠላ። ታሞ በተኛ ጊዜ እጇን ይዞ፣ «ስሞት ማገዶ አድርጊያቸው። በተለይ ያ ማዶ ያለው እንዳያያቸው» አላት። እሺ አለችው። ለሚሞት ሰው እሺ ካላሉት ምን ይሉታል?

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። አንጀቷን በላው። ቃሏን ብታጥፍ የባሏን ገመና አደባባይ ልታወጣ ነው፤ ብትጠብቅ የእሱን ለቀስተኛ ልታስቆም ነው። «ይቅር በለኝ» አለች በሆዷ።

«ልጄ፣ ወንበሮቹን አውጪ።»

ሽማግሌው ከመቀመጡ በፊት አንዱን ገለበጠው። በእርሳስ የተከበበውን ቦታ በጥፍሩ ዳሰሰ።

«እውነቱን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «መጋጠሚያው ፀጉር ታህል ከፈት ብሏል።» ወንበሩን መልሶ አቆመና ተቀመጠበት። «እኔ የባሰውን ስሸጥ ነው የኖርኩት፤ እንቅልፌንም እተኛለሁ። ምነው አንድ ቀን ጠርቶ ቢያሳየኝ ኖሮ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ልጅቷ የመጨረሻውን ወንበር ለእናቷ አመጣችላት። የእርሳስ ምልክት የበዛበት እሱ ነው።

«ይሄስ የእውነት ተበላሽቷል እማዬ። እግሮቹ አጥረዋል።»

ሴትየዋ ተቀመጠች። ድሮም አጭር ናት፤ የትም ብትቀመጥ እግሯ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አሁን ወለሉን ነካ። ባሏ ልኳን መቼ እንደወሰደ አታውቅም። ጫማዋን አወለቀችና ሁለቱንም እግሮቿን መሬት ላይ አሳረፈቻቸው።