ልጁ ጡት እስኪጥል

ደሞዜ ስንት ነው ብዬ ስጠይቅ አስተርጓሚው ነጅሙዲን ሳቀብኝ። «ደሞዝሽ ባልሽ ነው፤ ምን ያንሰዋል?» አለኝ። ባሌ ሁሴን ለአርበኞች ማሽላ አቀበልክ ተብሎ ሮቢት እስር ቤት ከገባ ያኔ ወር አልፎት ነበር። የጣሊያኑ የመንገድ ሥራ አለቃ ሚስት ጡቷ ደርቆ ልጇ ሊሞትባት ሲል፣ ወተት ያለኝ እኔ ተገኘሁ። ልጁ ጡት ሲጥል ሁሴን ይፈታል፣ እኔም ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፤ ውላችን ይኸው ነው። እስከዚያ ከጣሊያኖቹ ግቢ ንቅንቅ ማለት የለም።

የአራት ወር ልጄን መሪያምን ለባሌ እኅት ለዓይሻ ትቼላት መጣሁ። የኔይቱ የፍየል ወተት ትጠጣለች፣ የባዕዱ የኔን ይጠባል። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ፍርድ አይቼ አላውቅም። ልጁን እንዳልጠላው ደግሞ በኛ ሃይማኖት ያጠባሽው ልጅሽ ነው። በዚያም በዚህም ተያዝኩ።

ስድስት ወር ሞላኝ። ልጁ ጥርስ አወጣ፣ በሾርባ የራሰ ዳቦ ይበላል፣ ከጡቱ ግን ወይ ፍንክች። ሁሴን ደም ያስለዋል የሚል ወሬ ስሰማ አላስቻለኝም። ከአጥሩ ሥር እሬት ቆርጬ ሁለቱንም ጡቶቼን ቀባሁ፤ እናቶቻችን ጡት የሚያስጥሉት በዚሁ ነው። አንዴ ሳብ አደረገና ፊቱን አጨማዶ አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ ጠዋቱን ሙሉ አልነካኝም። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ቀትር ላይ ዘበኛው ከበሩ ጠራኝ። ዓይሻ መሪያምን አዝላ በእግሯ መጥታለች። ልጅቱ ትኩሳት ይዟት ሦስት ቀን ሙሉ የፍየሉን ወተት ስታስመልስ ከርማ፣ «አንዴ እንኳ እናቷ ታጥባት» ብላ ዓይሻ ዘበኛውን ለምና ነው። እየሮጥኩ ሄጄ ተቀበልኳትና ጡቴን ሰጠኋት። ርቧት ኖሮ ጥርቅም አድርጋ ያዘችው። ወዲያው ተፋችው።

እሬቱን ረስቼው ነበር። በምራቄም በሻሼ ጫፍም ጠራረግሁት፣ ውሃ ስጡኝ አልኩ፤ ማን ሰምቶኝ። መሪያም አፏን ገጥማ ፊቷን ወደ ዓይሻ አዞረች። እኔን ፈራችኝ። ዘበኛው «በቃ፣ ግቢ» አለኝ።

ስገባ የፈረንጁ ልጅ በረሀብ እየጮኸ ደረቴ ላይ ወጣ። ምሬቱ ሳይገደው ዓይኑን ጨፍኖ ጠባ።

አመሻሹ ላይ እመቤቲቱ ነጅሙዲንን ላከችብኝ። «ጠዋት አልጠባም አሉ። ጡት ጣለ ወይ?» አለኝ።

«ጥላለች» አልኩት።

«ወንድ ነው እኮ» ብሎ አረመኝ።