ከባሉጡ ሥር ያለችው

የኒኮላሴ ሰፈር የዱር አሳማዎች የማንንም ማዕረግ አይጠይቁም። የጡረተኛውን ዳኛም፣ የፋብሪካ ባለቤቱንም፣ የጥርስ ሐኪሟንም ግቢ እኩል ያርሳሉ። ጫካው ከቤቶቹ ጀርባ ይጀምራል፤ ወይም ቤቶቹ ከጫካው ጀርባ ይጀምራሉ። በዚህ ጉዳይ ሰፈርተኛው እስካሁን አልተስማማም። መኻል በርሊን በባቡር ሃያ ደቂቃ ርቆ ይንጫጫል፤ እዚህ ግን በጸጥታው ሰዓት፣ ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ፣ የሣር ማጨጃ ያስነሳ ሰው የአቤቱታ ደብዳቤ ይደርሰዋል።

አቶ ሩንገ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። በዚያ የጥቅምት ቅዳሜ ጠዋት አርፍደው ተነስተው በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው ወደ ጓሮ ሲወጡ ሣሩ የለም። በሣሩ ፋንታ የታረሰ መሬት ጠበቃቸው። አሳማዎቹ በታችኛው አጥር ገብተው የባሉጥ ፍሬ ሲለቅሙ አድረዋል፤ ከትልቁ የባሉጥ ዛፍ ሥር ደግሞ እስከ ጉልበት የሚውጥ ጉድጓድ ምሰዋል። ከጉድጓዱ አረንጓዴ ዝገት የያዘ የመዳብ ክዳን ብቅ ብሏል።

ክዳኑን ያውቁታል። ከሥሩ ያለችው ሚስታቸው ሮዝቪታ ናት።

በከተማዋ ሕግ የሞተ ሰው፣ ተቃጥሎ አመድ ቢሆን እንኳ፣ ቦታው መቃብር ነው እንጂ የገዛ ግቢው አይደለም። ሮዝቪታ ደግሞ ከመሞቷ በፊት እጃቸውን ይዛ፣ «ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር በረድፍ እንዳታስተኛኝ፤ ሰልፍ ስጠላ ነው የኖርኩት» አለቻቸው። ቀጥላም፣ «ለቪብከ እንዳትነግራት። ማንም በሌለበት መንገድ ቀይ መብራት የምትጠብቅ ልጅ ናት።»

ቪብከ አንድ ልጃቸው ናት፤ ሙኒክ ውስጥ ውልና ማስረጃ የምታጸድቅ፣ ሳታነብ የማትፈርም። እናቷ ስትሞት ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ሆስፒታል ተኝታ ነበርና መምጣት አልቻለችም። አቶ ሩንገ አስከሬኑን እንዲቃጠል ወደ ሆላንድ አስወሰዱ፤ እዚያ አመዱን ለቤተሰብ ይሰጣሉ። ሲመለሱ አመዱ ያለበትን የመዳብ ዕቃ መኪናው ውስጥ ከጎናቸው አስቀምጠው ቀበቶ አሰሩለት። በሚቀጥለው እሁድ፣ በጸጥታው ሰዓት፣ ባሉጡ ሥር ቀበሯት። ለልጃቸውም በስልክ፣ «ባሕር ላይ ሸኘናት» አሏት።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ነገር ግን አመድ ወደ ባሕር የሚያወርዱ ድርጅቶች በካርታ ላይ ቦታውን የሚናገር ቁጥር ለቤተሰብ ይሰጣሉ፤ ቪብከም ቁጥሩን ጠየቀች። አቶ ሩንገ ሰጧት። እነሆ ዘጠኝ ዓመት፣ በየግንቦቱ እሳቸው ዘንድ አድራ ወደ ሰሜን ትነዳለች፤ ጀልባ ተከራይታም ቁጥሩ ያለበት ቦታ ድረስ ትሄዳለች።

አሁን ቤቱ ሊሸጥ ነው። አቶ ሩንገ ደረጃው አቅቷቸዋል፤ ቪብከ «ሙኒክ ከኛ ጋር ትኖራለህ» ስትላቸው እሺ ብለዋል። ከመሄዳቸው በፊት ከባሉጡ ሥር ላለችው አንድ መላ ሊያበጁ አስበው ነበር፤ ማሰቡንስ ከሰኔ ጀምሮ ሲያስቡበት ነበር። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቱን የሚገምት ሰው ይመጣል። ቪብከ አምስት ሰዓት ላይ ትደርሳለች።

«እርስዎም ዘንድ ገቡ?»

ከአጥሩ ማዶ ወይዘሮ ሎሶው ቆመዋል፤ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ጓንታቸውን አጥልቀው። ለወረዳው ቢሮ የአቤቱታ ደብዳቤ የሚጽፉ ባልቴት ናቸው።

«ገቡ» አሉ አቶ ሩንገ፣ ጉድጓዱን በካፖርታቸው ለመከለል እየሞከሩ።

«የኔን የቱሊፕ አበባ ሥር ጨርሰው ነው ወደ እርስዎ የተሻገሩት። ያ ምንድን ነው?»

«የአበባ ማስቀመጫ።»

«የአበባ ማስቀመጫ ክዳን የለውም፣ አቶ ሩንገ።»

አቶ ሩንገ የካፖርታቸውን ቁልፍ መቆለፍ ጀመሩ።

«ያን እሁድ ሰገነቴ ላይ ነበርኩ» አሉ ወይዘሮ ሎሶው። «በእጅ አካፋ ነው የቆፈሩት። ድምፅ ቢያሰሙ ኖሮ እጽፍ ነበር።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያውቁ ነበር?»

«ስለ እርስዎ ብዙ ጽፌያለሁ። ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ጭሱ፣ ስለዚያ አስቀያሚ የወፍ ቤት። ይሄን አልጻፍኩም።» ጓንታቸውን አወለቁ። «ልጅዎ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«አፈሩን ለመመለስ ጊዜ አለዎት። እኔም ምንም አላየሁ። ግን ያቺ ልጅ በየግንቦቱ ጥቁር ለብሳ ስትወጣ በር ላይ አገኛታለሁ። ‹እናቴ ዘንድ ልሄድ ነው› ትለኛለች። እኔስ ምን እላታለሁ? ‹መልካም መንገድ› እላታለሁ።» ቀና ብለው አዩዋቸው። «ደስ የሚል ነገር አይደለም፣ አቶ ሩንገ። በዚህ ዕድሜዬ።»

ሳይሰናበቱ ወደ ቤታቸው ገቡ።

አቶ ሩንገ አካፋውን አመጡ። የመጀመሪያው አፈር ክዳኑ ላይ ሲወድቅ ድምፁ ዘገነናቸው። ያኔ ሲቀብሯት በእጃቸው ነበር የመለሱት፤ አሁን ወገባቸው አይታጠፍም። ሁለተኛውን አካፋ አንስተው መሬት ላይ መልሰው ደፉት። እንደዚያው እንደቆሙ የመኪና በር ሲዘጋ ሰሙ። ቪብከ አንድ ሰዓት ቀድማ ደርሳለች።

«አባባ! ትራክተር ያስገባብህ ማን ነው?»

«አሳማ ነው።»

«በሌሊት ልብስ ትቆፍራለህ? ብርድ ሊገልህ እኮ ነው! አምጣ አካፋውን፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሰው ይመጣል።»

«አትምጪ።»

«ለምን? ምን አለ?»

‹ምንም› የምትለው ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበረች። ለዘጠኝ ዓመት በደንብ ያገለገለቻቸው ቃል ናት።

«እናትሽ አለች» አሉ።

ቪብከ ሳቀች። ወዲያው ፊታቸውን አየችና ሳቋን አቋረጠች። ወደ ጉድጓዱ መጥታ ጎንበስ ብላ ተመለከተች።

«እናቴ ባሕር ውስጥ ናት።»

«አይደለችም።»

«ቁጥሩ አለኝ እኮ!» ከቦርሳዋ በፕላስቲክ የተለበጠ ካርድ አወጣች። «ይኸው። አንተ ነህ የሰጠኸኝ።»

«ከካርታ ላይ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን አሳረፍኩ። መጀመሪያ ዴንማርክ ላይ አረፈ፤ ደገምኩት።»

ቪብከ ካርዱን አገላብጣ አየችው፤ ከጀርባው ሌላ ነገር የተጻፈ ይመስል።

«ጀልባ ላይ ያመኛል» አለች። «ታውቃለህ? በየዓመቱ ያስመልሰኛል። ጀልባ ነጂው ባልዲ ይዞ ነው የሚጠብቀኝ።» ድምጿ ቀጠነ። «ከባሌ ከማርቲን ጋር የተለያየን ጊዜ መጀመሪያ የነገርኳት ለእሷ ነው። ለማንም ሳልናገር፣ ለአንተ እንኳ ሳልነግርህ፣ እዚያ ድረስ ሄጄ። ለማን ነው የነገርኩት፣ አባባ? ለማን?»

አቶ ሩንገ ‹እንዳትነግራት ያለችኝ እሷ ናት› ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እውነት ነበር። ነገር ግን ራሷን መከላከል በማትችል ሰው ማላከክ ሆነባቸውና ዋጡት።

«ፈራሁ» አሉ። «ሕግ ታውቂያለሽ፤ ካወቀች አውጥታ ትወስድብኛለች ብዬ ፈራሁ። በየማለዳው እዚህ እቆማለሁ። ያደረ ወሬ እነግራታለሁ። ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።»

«እወስዳት ነበር» አለች ቪብከ። ትንሽ አሰበችና ደገመችው፦ «አዎ። እወስዳት ነበር።»

«እንግዲያው ውሰጃት።» ይህን ሊሉ አላሰቡም ነበር፤ ከአፋቸው ሲወጣ ግን ትክክል መሆኑን አወቁ። «እኔ ዘጠኝ ዓመት ነበረችኝ፤ አንቺ አንድ ቀን አልነበረችሽም። ባሕርም ውሰጃት፣ መቃብርም ውሰጃት። የት ብዬ አልጠይቅሽም።»

አካፋውን ዘረጉላት።

ቪብከ አካፋውን አልተቀበለችም። ስልኳን አውጥታ ዘወር አለች። «እንደምን አደሩ፤ የአቶ ሩንገ ልጅ ነኝ። ዛሬ እንዳይመጡ... አይ፣ ሌላ ቀን አልቀጥርዎትም። ቤቱ ይሸጥ አይሸጥ ራሱ አላውቅም።» ዘጋችው። አባቷን ሳታያቸው፣ «በጣም ተናድጃለሁ» አለች፣ ውል ላይ ያለ ቁጥር እንደምታነብ ሁሉ በጠራ ድምፅ። «ቶሎ የሚያልፍልኝም አይመስለኝም።»

«ይገባኛል።»

«አሁን ግባ።»

«ላግዝሽ? አፈሩ ከባድ ነው...»

«ግባ፣ አባባ። ብቻችንን ተወን።»

አቶ ሩንገ ገቡ። ወጥ ቤት ውስጥ ጭቃውን ከእጃቸው ታጠቡ፤ ጥፍራቸው ውስጥ የገባው ግን አልለቀቀም። ከማጠቢያው በላይ ያለው መስኮት ተከፍቶ ነበር። ቪብከ ለሥራ በምትለብሰው ሱሪ የታረሰው አፈር ላይ ቁጭ ስትል አዩ። ከዚያ መናገር ጀመረች፤ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ኋላ ግን ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ልጅ ሆና እናቷን እንደምትሞግት።

«አንቺም ብትሆኚ...» የሚለው ደረሳቸው።

አቶ ሩንገ ተንጠራርተው መስኮቱን ዘጉ። ወንበር ስበውም ለጓሮው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።