ነጩ ጠርዝ

ፈሪ ለእናቱ ይባላል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ፤ ውሻ እፈራለሁ፣ ሊፍት እፈራለሁ፣ ስልክ ሲጠራ እንኳ ልቤ ይሰቀላል። ለሥራዬ የተመቸሁትም በዚሁ ይመስለኛል። የምግብ ማሸጊያ ትሪ እነድፋለሁ፤ ያንን ምግቡን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ፣ በላዩ ስስ ላስቲክ የሚታሸግበትን ፕላስቲክ። በየት በኩል ሊፈስ፣ በየት በኩል አየር ሊያስገባ እንደሚችል ስጨነቅ እውላለሁ፤ ለመጨነቄም ደመወዝ ይከፈለኛል።

የትሪው ነፍስ ያለችው ጠርዙ ላይ ነው። ጠርዙን በጋለ ብረት ቆንጥጠን አሥራ አንድ ሰከንድ እንይዘዋለን። በሙቀቱ ይጠነክርና እንደ ወተት ይነጣል። የነጣ ጠርዝ ላስቲኩ ሲታሸግበት አይጣመምም፤ ያልነጣው ግን ይልፈሰፈሳል። የሽያጭ ኃላፊያችን ታዲያ ይህን ነጭ ጠርዝ ሊያየው አይወድም። ሁሉ ነገር ጥርት ካላለ ስለሚል ብርጭቆ ብለን ነው የምንጠራው።

"ገዢ ነጭ ነገር ሲያይ የቆሸሸ ይመስለዋል" አለኝ ከወር በፊት። "ቀንሺው በቃ።"

ወደ ስድስት ሰከንድ ቀነስኩት። ጠርዙ ጥርት አለ። ልክ እንዳልሆነ ሆዴ ያውቅ ነበር፤ ግን ከብርጭቆ ጋር ከመጨቃጨቅ መፈረም ቀለለኝ። ቀይ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ ሞልተን አሸግናቸው፣ ነጭ ወረቀት ላይ ዘቅዝቀን አሳደርናቸው። አንድ ጠብታ አልወጣም፤ ፈረምኩ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ጋሽ ጥፍር ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። የሙከራ ክፍሉ አንጋፋ ናቸው፤ ጠርዝ የሚፈትሹት በአውራ ጣታቸው ጥፍር ስለሆነ ነው ስሙ የወጣላቸው። አንድ ነጭ ወረቀት ፊቴ ዘረጉ። ቀይ ነጠብጣብ አለበት።

"ልጄ፣ እኛ አንድ በአንድ ነው የሞከርናቸው" አሉኝ። "መኪና ላይ ግን ስምንት ስምንቱን ደራርበው ነው የሚጭኑት። እኔም እንደዚያው ደራርቤ አራት ቀን ተውኳቸው። የታችኞቹ አፋቸውን ከፍተዋል።"

"ምን ያህል?"

"ፀጉር ብታህል ነው። ለጀርም ግን ሰፊ በር ናት።"

"የወጣ ምርት አለ?"

"ያለፈው ሳምንት ሙሉ ወጥቷል። ትሪውን የሚገዛን ምግብ አቅራቢ ዶሮና ሩዝ እየሞላ ለትልቁ ሆስፒታል ያደርሳል።"

እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ እዚያ ሆስፒታል ከተኛች አሥረኛ ቀኗ ነው።

ብርጭቆ ቢሮ ገብቼ ነገርኩት። ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም። "ዝም አይነቅዝም" አለኝ። "ሰው አታስደንግጪ፤ ነገ ስብሰባ እንቀመጣለን።" ዝም ባይነቅዝም ዶሮ ይበላሻል። ይህን ግን ልለው አልደፈርኩም፤ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ጋሽ ጥፍር በሩ ላይ ያዙኝ። "አሁኑኑ ለሆስፒታሉ ደውዪ።"

"እሺ፣ እደውላለሁ" አልኳቸው።

አልደወልኩም። ብደውል "ማን ልበል?" ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። የደወልኩት ለእናቴ ነው፤ እሷ ደግሞ ስልኳን ትራሷ ሥር ስለምትቀብረው አልሰማችም። ምሳ የሚታደለው ስድስት ሰዓት ነው። ታክሲው መብራት በያዘው ቁጥር ሰዓቴን አያለሁ። እናቴን ብቻ፣ እባክህ፣ እናቴን ብቻ እያልኩ ለመንኩ። የሌላው ሰው እናት ትዝ እንኳ አላለችኝም።

ስደርስ ስድስት ከሩብ ሆኗል። የምሳው ጋሪ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ ገና ያልታደሉ ትሪዎች ተደርድረውበታል። አልፌው ሮጥኩ። እናቴ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ፊቷ ያለው ትሪ ባዶ ነው። አንስቼ ወደ መስኮቱ ያዝኩት። ጠርዙ ጥርት ያለ ነው። ጥፍሬን ዙሪያውን አስኬድኩት፤ አንደኛው ማዕዘን ላይ ሲደርስ ሰመጠ።

"እማዬ፣ በላሽው?"

"ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?" እጄን ያዘችኝ።

"በላሽው ወይ?"

"እኔ እዚህ ከገባሁ መቼ ምግብ አሰኝቶኝ ያውቃል? ለዚህች ለአልጋ ጎረቤቴ ነው የምሰጣት። ትሪውን ግን አጥባ ትመልስልኛለች፣ ልጄ የሠራችው ነው ብዬ።" በአገጯ መሳቢያውን አሳየችኝ። ከማበጠሪያዋና ከመነጽሯ ጎን የታጠቡ ትሪዎች ተደራርበዋል።

"ተመስገን" አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ቀና ስል አጠገቧ ባለው አልጋ ላይ ጎረቤቷ ታዩኝ። ጉንጫቸው የጎደጎደ አሮጊት ናቸው፤ በአሥር ቀን ውስጥ አንድም ጠያቂ ሲመጣላቸው አላየሁም።

"ልጅሽ ይቺ ናት?" አሉ እናቴን፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "እጅሽ ይባረክ ልጄ። እናትሽ ድርሻዋን ሁሉ ለእኔ እየሰጠች ነው ያነሳችኝ። ከትናንት ጀምሮ ሆዴን ቁርጥ ቁርጥ ያደርገኛል እንጂ፣ ሌላው ደህና ነው።" ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

እናቴ እኔንና ትሪውን አፈራርቃ አየች።

"ቆይ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ተመስገን ያልሽው ለምንድን ነው?"

ከአልጋው ራስጌ ያለውን ደወል ተጫንኩ። ነርሷ እጇን እያደረቀች ገባች።

"ማን ነው የጠራኝ?"

"እኔ ነኝ፣ ሲስተር። እማማን አሁኑኑ ሐኪም ይያቸው። ጋሪው ላይ ያለውንም ምግብ አስቁሚው፣ የበሉም ካሉ ይታዩ። ትሪው ያፈሳል።"

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

"እኔ ነኝ የነደፍኩት። ጠዋት ነው ያወቅሁት።"

"ጠዋት?" አለች ነርሷ፤ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ኮሪደሩ ሮጠች።

እናቴ እጄን ለቀቀችው። ከዚያ በተሰበረው ጎኗ በኩል እያቃሰተች ዞረችና እጇን ወደ ጎረቤቷ አልጋ ዘረጋች።