የሚያፈስ ጆንያ ደንብ

ለመሆኑ አንዲት ቀዳዳ ለመድፈን ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ሰኪና ይህን ጥያቄ ከማለዳ ጀምራ ስታላምጠው ዋለች፤ መልሱን ግን አላገኘችውም። የፍራሽ ቀዳዳ ከሆነ ታውቃለች። ይኸው ከኒሟ ጥላ ሥር በገመድ በተጠለፈው አልጋ፣ አንገረቡ ላይ ተቀምጣ፣ በሟች ባሏ በጀማሉ የጆንያ መርፌ የጥጥ ፍራሹን እየጠቀመች ነው። የጣራ ቀዳዳም ታውቃለች፤ ደመናው ሳይጠቁር ይደፈናል፣ የገዳሪፍ ዝናብ ቀጠሮ አይሰጥም። ይህ የኮምፒውተር ቀዳዳ የሚባለው ግን ሰሊጡ ሲያብብ ለባለቤቶቹ ተነገረ፤ ሰሊጡ ታጨደ፣ ተራገፈ፣ ተሸጠ፤ ቀዳዳው እስካሁን አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

«ሉብና!» አለች ወደ ክፍሉ ዞራ። «ጻፉልሽ?»

«ላ፣ ሐቦባ።»

«ምንም?»

«ሐቦባ፣ አሁን አይደል እንዴ የጠየቅሽኝ? ክሩን እንኳ አላሳለፍሽም።»

ሐቦባ ማለት ሱዳኖች አያትን የሚጠሩበት ነው። ሉብና እዚሁ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች የልጅ ልጇ ናት፤ አማርኛውን ከአያቷ፣ ዐረብኛውን ከሰፈሩ፣ የኮምፒውተሩን ነገር ደግሞ ካርቱም ሄዳ ተማረችው። ጦርነቱ ሲነሳ ትምህርቷን ከመሃል አቋርጣ፣ ላፕቶፗን በሻሽ ጠቅልላ፣ በአውቶቡስ ተጭና አያቷ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ የገበያውን ኮምፒውተር ማከም ሆነ። አንቲቫይረስ የሚሉትን ፕሮግራም በየሱቁ የጫነችላቸው እሷ ናት። ሰኪና ምንነቱን ብትጠይቃት «ዘበኛ ነው ሐቦባ፤ ሌባ እንዳይገባ ቀንም ሌትም በሩ ላይ የሚቆም» አለቻት።

ሰኪና ደግሞ ዘበኛ ትወዳለች። ሌሊት ውሻ ሲጮህ ሦስቴ ተነስታ መቀርቀሪያ የምትነካ ሴት ዘበኛ ሲሏት ምን ትላለች? ጫማዋን አጥልቃ ሱቅ ለሱቅ ዞረች። «የልጄ ልጅ የምታቆመው ዘበኛ አለ፤ አስቁሙ» አለች። በእሷ ቃል አስቆሙ።

ታዲያ አሁን ቀዳዳው የተገኘው እዚያው ዘበኛው ላይ ነው። ሌባው ዘበኛውን ሸውዶ ቢያልፍ እንኳ ደግ ነበር፤ የሚገባው በራሱ በዘበኛው በኩል ነው። ሉብና እንዳስረዳቻት፣ ዘበኛው ጓዳ ጎድጓዳውን ሁሉ እንዲፈትሽ የቤቱ ቁልፍ በሙሉ ተሰጥቶታል፤ እሱን የያዘ ሌባ ቁልፉን ሁሉ ያዘ ማለት ነው። ልጅቱ ይህን ያገኘችው የአንድ ነጋዴ ማሽን ስትጠግን ነው። ባሕር ማዶ ላለው ኩባንያ ወዲያው ጻፈች። «እናመሰግናለን፤ እናስተካክላለን፤ እስከዚያው ለማንም እንዳትናገሪ» አሏት። እሺ ብላ ቃሏን በጽሑፍ ሰጠች። ቆይታ ብትጠይቅ «እየተሠራበት ነው» አሉ። ደግማ ብትጠይቅ የኩባንያው ሕግ ዐዋቂ ጻፈላት፤ ብትናገር በሕግ እንደሚጠይቋት።

ትናንት ደግሞ የባሰ መጣ። ኮምፒውተር ዐዋቂዎች በኢንተርኔት ላይ በሚያወሩበት ስፍራ፣ ስሙን የደበቀ ሰው ስለዚያችው ቀዳዳ ሲያጠያይቅ አየች። ከዚያ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም።

«እኔ የማይገባኝ» አለች ሰኪና መርፌውን ፍራሹ ላይ ሰክታ፣ «መርፌ ነው ያጡ ወይስ ክር?»

ሉብና ላፕቶፗን ታቅፋ በሩ ላይ ብቅ አለች። ዓይኗ ቀልቷል። «ሁለቱም አላቸው። ቸኩለው ቢሰፉት በሌላ በኩል እንዳይቀደድ መሞከር አለባቸው፤ እሱ ልክ ነው፣ አልቃወምም። ግን ይህን ያህል? ወላሂ አዲስ ነገር ሊሸጡልን ሲፈልጉ በየሳምንቱ ይጽፋሉ! ሌላ ፕሮግራም ቢሆን፣ ኻላስ፣ ይሁን ብሎ ሰው ይታገሣል። ይህ ግን ዘበኛ ነው። አምነነው ነው የተኛነው። የዘበኛ ቀዳዳ ከሁሉም ቀድሞ መደፈን ነበረበት።»

«ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ!»

«ኧረ በአላህ!» ሰኪና ወደ አጥሩ ዞር ብላ አየች። በዚህ በከፋ ዘመን፣ ላፕቶፕ የያዘች ልጅ ኬላ ላይ ምን ምን እንደምትጠየቅ ታውቃለች። ባዕድ አገር ነው፤ ምንም ቢለመድ ባዕድ ነው።

በዚህ መሃል የግቢው በር ተንኳኳና፣ መልስ ሳትጠብቅ ሳና ገባች። ሳና ከገበያው ጀርባ የሙሽሮች ቤት ያላት ሴት ናት፤ ሂና ትቀባለች፣ ታስጌጣለች፣ ፎቶም ታነሳለች። በሱዳን ወግ ሙሽራ ፀጉሯን ፈትታ፣ ትከሻዋን ገልጣ የምትጨፍረው በሴቶች ፊት ብቻ ነው። ያን ወንድ አያየውም። ሳና የምታነሳው እሱን ነው። የገዳሪፍ ሙሽሮች ግማሽ ያህሉ እንደዚያው ሆነው በሳና ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጠዋል፤ በራቸው ላይ የሉብና ዘበኛ ቆሞ።

«አሰላሙ ዐለይኩም እማማ ሰኪና! የሚወጉት ፍራሽ ነው ወይስ ጠላት?»

«ዐለይኩሙ ሰላም። ጠላት ቢሆን እስካሁን በዳነ! ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም፣ ሥራ ገድሎኛል። የጎረቤትዎ የዘቢብ ልጅ ሐሙስ ትዳራለች፤ ዘቢብ ‹ሰኪና ካልመጣች እልልታው ልጅ ልጅ ይላል› ብላ ነው የላከችኝ። ከዐስር ሶላት በኋላ ሙሽራዋ ለሙከራ ትመጣልኛለች፤ አስጊጬ ፎቶ አነሳታለሁ።» ከዚያ ሉብናን አየቻት። «ምነው አንቺ? ሙሽራ ሲጠራ ፊትሽ ጠቆረ። አይዞሽ፣ ያንቺንም በነጻ ነው የማስጌጥሽ!»

ሉብና በከንፈሯ ብቻ ፈገግ አለች።

«ያ ዘበኛሽ ደኅና ነው» አለች ሳና፣ መልስ ሳትጠብቅ። «አረንጓዴ መብራቱን ሳይ እንቅልፌ ይመጣል። ዘቢብ ‹ፎቶው ሾልኮ ወንድ እጅ ቢገባስ› ብላ ስታስጨንቀኝ ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? ‹የሰኪና የልጅ ልጅ ያቆመችው ዘበኛ አለ፤ ዝንብ አይገባም!› አልኳት። ስምዎን ስጠራላት ዝም አለች፣ እማማ ሰኪና።»

ሰኪና ክሩ ከመርፌው ወጣባት። ልታሳልፈው ሞከረች፣ አልሆነላትም። ሳና ለአላህ አደራ ብላቸው፣ የተከናነበችውን ቶብ እያስተካከለች፣ እንደመጣችው በጥድፊያ ወጣች።

ሉብና መሬት ላይ፣ አያቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

«ሳና ዘበኛውን አስወጥታ፣ ኢንተርኔቱን ነቅላ ብትሠራ ማንም አይነካትም ነበር» አለች። «አንዲት ቃል ናት። ሐቦባ፣ ልንገራት?»

«አይሆንም!» አለች ሰኪና፣ ሳታስበው። «ቃል ሰጥተሻል። ይከሱሻል። እነሱ ትልቅ ናቸው፣ አንቺ ማን ነሽ?»

አፏ ይህን ይበል እንጂ ልቧ ሌላ ስፍራ ሄዶ ነበር። የራሷ የሂና ዕለት ድቅን አለባት። ከመተማ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ሎሪው መንገድ ላይ፣ ዶካ ከምትባለው ከተማ በጥቁሩ ጭቃ ተያዘ። ጀማሉ ጫማዋ እንዳይበላሽ ባዶ ጆንያ አነጠፈላት፤ ንግሥት የምትረግጠው ምንጣፍ ከዚያ አይበልጥም። ገዳሪፍ ሲደርሱ ከተማው ሁሉ ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል። ዓይኗ የተሸፈነ ግመል የዘይት መጭመቂያውን ትዞራለች። ባቡሩ ጆንያውን ጭኖ ወደ ፖርት ሱዳን ያፏጫል። አይ ጊዜ! ቋንቋቸውን የማታውቀው ጎረቤቶች እጇን ሂና ቀቧት፣ ደሉካ የሚሉትን ከበሮ መቱላት፣ እሷም አፍራ አፍራ በመጨረሻ ፀጉሯን ለቅቃ ጨፈረች። ፎቶ የለም። ሴቶቹ ያዩትን በዓይናቸው ይዘው ሄዱ፤ እስከ ዛሬ አንዲት ነገር ከዚያ ክፍል አልወጣችም። ዘበኛም ነበራት፤ ከደጃፉ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ የተቀመጠች አንዲት አሮጊት። ስንት ጎረምሳ «ውሃ ልጠጣ፣ ዕቃ ረስቼ» እያለ መጥቶ የእሷን ምላስ ቀምሶ ተመለሰ!

«ሐቦባ፣ ምን እያሰብሽ ነው?»

«አያትሽን። አንድ ጊዜ እንዲሁ ተናግሮ ያስራበንን» አለች፤ ልጅቱን ለማስፈራራት ነበር ነገሩን ያነሳችው።

በዚያ ዘመን በሰሊጥ ገበያው ማንም ያልጻፈው ደንብ ነበር። ጆንያ ሲያፈስ ያየ ሰው አይጮህም፤ ቢጮህ ለቃሚው ይሻማል፣ ሌባም ይሰማል። ባለቤቱ ዘንድ ሄዶ በጆሮው ይነግረዋል። ባለቤቱ ሰምቶ ችላ ካለ፣ ያየው ሰው እስከ ዐስር ሶላት ይታገሠዋል፣ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ እስክትል። ዐስር ተሰግዶም ካልተሰፋ፣ ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ «የእገሌ ጆንያ ያፈሳል!» ይላል።

«አንድ ትልቅ ነጋዴ ነበር» አለች ሰኪና። «መጋዘኑ ውስጥ የዶካ ገበሬዎች ሰሊጥ ባደራ ተቀምጧል። አያትሽ ጆንያው ሲያፈስ አየ፤ በጆሮው ነገረው። ‹ነገ› አለው። ‹ጀማሉ፣ ተው፣ ሰውዬው ትልቅ ነው፣ አገሩም የእነሱ ነው› ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እስከ ዐስር ዝም የምለው ለእሱ ክብር ነው። ከዐስር በኋላ ዝም ብል ለሌባው ነው።› ሰገደና ወጥቶ ጮኸ። ሰውየው ዓመቱን ሙሉ ሚዛኑ ዘንድ እንዳይሠራ ከለከለው። ያን ክረምት ያለ ዘይት በላን። ይኸው ነው መናገር የሚያመጣው፤ ሰማሽ?»

ሉብና ግን የሰማችው ሌላ ነበር። «የትኛው ጥግ እንደተቀደደ ተናገረ?»

«ጥጉን? ኧረ እንዴት ተደርጎ! ጥጉን የሚናገር ሌባን የሚመራ ነው። ያፈሳል ብቻ ይባላል፤ አደራ ያስቀመጠው ሮጦ ዕቃውን ያወጣል።»

«ጆንያውስ?»

«ምን ጆንያው?»

«ተሰፋ?»

ሰኪና መርፌውን አየችው። እንጨት ላይ ሲሰካ ሲነቀል የኖረ፣ ጫፉ የጎበጠ መርፌ ነው። «ጀምበር ሳትጠልቅ ተሰፋ» አለች ቀስ ብላ። «ሁሉም።»

ሉብና ላፕቶፗን ከፈተች። «አንድ ጊዜ ልጻፍላቸው። ዛሬ ፎቶ የምትነሳ ሙሽራ አለች፣ የጎረቤቴ ናት፣ ቢያንስ ሰዎቼን እንዳስጠነቅቅ ፍቀዱልኝ እላቸዋለሁ። ጥጉን አልናገርም እላለሁ።» ጻፈች፣ ላከች። ሁለቱም ማሽኑ ላይ አፍጥጠው ተቀመጡ። ጥላው ከአንገረቡ ወርዶ ወደ ግድግዳው ሄደ። ፍራሹ ተሰፍቶ አለቀ። ማሽኑ ድምፅ ሲያሰማ ሰኪና ዘላ «መጡ?» አለች፤ ኩባንያው ነበር የጻፈው፣ ግን ስለ አዲስ ምርቱ ቅናሽ።

ልጅቱ ሳቀች፤ ሳቋ ወዲያው ወደ ልቅሶ ዞረ። «የፈረምኩት በስሜ ነው ሐቦባ። ብናገር ቃሌ ይሰበራል፤ ዝም ብል ሳና ትሰበራለች። ምን ላድርግ?»

ሰኪና የልጅቱን ራስ ደባበሰች። ያንን ከደጃፉ ላይ የማትነቃነቀውን አሮጊት አሰበች፤ ስሟን እንኳ ዘንግታዋለች። ከዚያ የሳና ድምፅ መጣባት፤ «ስምዎን ስጠራላት ዝም አለች።» ዘቢብን ያሳመናት የሉብና ፊርማ አይደለም፤ ሱቅ ለሱቅ የዞረው የእሷው አፍ ነው። ከሉብና ቃል የተቀበለ ኩባንያ አለ፤ ከሰኪና ግን ማንም አልተቀበለም፤ መኖሯንም አያውቁም። ጥጉን ተናገሪ ቢሏትስ ምን ብላ? አታውቀው።

ከመስጊዱ አዛኑ ተሰማ። ዐስር ነው።

ሰኪና ተነሳች። ውዱእ አድርጋ፣ ምንጣፏን ዘርግታ፣ ሳትቸኩል ሰገደች። ስትጨርስ የጆንያውን መርፌ ከፍራሹ ነቅላ ቦታው፣ የበሩ እንጨት ላይ ሰካችው። ቶቧን ከገመዱ አውርዳ ተከናነበች።

«ሐቦባ?» አለች ሉብና ዓይኗን እየጠረገች። «ወዴት ነው? በዚህ ፀሐይ?»

ሰኪና ጫማዋን አጠለቀች። የግቢውን በር መቀርቀሪያ አነሳች፣ ወጣች፣ በሩንም በኋላዋ ገርበብ አድርጋ ወደ ገበያው ጀርባ፣ ወደ ሳና ቤት አቀናች።