የእሑድ ጠዋት ተራ

ሕዝቅኤል ማዴቦን የሰደበው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፤ በምስጋና ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ከአዳራሹ በር። ማዴቦ ላሙን ሲያዋልድ አድሮ አምልኮ እንዳያመልጠው ልብስ ሳይቀይር ሮጦ የመጣ ዕለት። «ወንድም ማዴቦ፣» አለው የጉባኤው ሽማግሌ ሕዝቅኤል፣ መዘምራኑ ሁሉ በቆሙበት፣ «የጌታ ቤት በረት መሰለህ እንዴ?» መዘምራኑ ሳቁ። ማንኛው ጥርሱን እንዳሳየ፣ ማንኛዋ አፏን በእጇ እንደከደነች ማዴቦ ዛሬም ይነግራችኋል።

ቂም መያዝ ይችልበታል። ከስድስተኛ ክፍል ሲወጣ «ላንተ ዶማ ይበቃሃል» ያለው መምህር፣ በገዛ ወንድሙ ሠርግ ከሥጋ ቆራጮቹ ጋር ያስቀመጡት ዘመዶቹ፣ ሁሉም ልቡ ውስጥ ወንበር ወንበር አላቸው። የሕዝቅኤል ወንበር የፊተኛው ነው።

ዘንድሮ በልጉ ቀረና ሐሬ ወንዝ ቀጠነ። ላንቴ ቀበሌ ላይ ደግሞ ውሃ ያጣ ሙዝ ምሕረት የለውም። የቦዩ ተጠቃሚዎች ተሰብስበው የውሃ ተራ ሲያወጡ ሌሊቱን ሳይቀር ተሻሙበት፤ እሑድ ጠዋት ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። የአምልኮ ሰዓት ነዋ! አንድ ሰው እሑድን ካልወሰደ ደግሞ የቀሩት ቀናት ለሁሉም አይዳረሱም።

«ለእኔ ስጡኝ፣» አለ ማዴቦ።

ሕዝቅኤል እዚያው ነበር። የቅዳሜን ተራ እጁ አስገብቷልና ተቃውሞ አላነሣም።

እውነቱን ለመናገር ማዴቦን መጀመሪያ ያስነሣው እልህ ነው። ኋላ ግን ቦዩ ዳር ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። የራሱን ሙዝ ካጠጣ በኋላ የተረፈውን ቁልቁል ይለቀዋል፤ ከቦዩ መጨረሻ የእትዬ ወለቴ ማሳ አለ። እትዬ ወለቴ ከሰሜን መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ የሟች መምህር ሚስት ናቸው፤ ውሃ እሳቸው ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቅ ነበር። ውሃው የተሰነጠቀውን መሬት ሲነካ ሲስ ሲል ማዴቦ ዶማውን ተደግፎ፣ ሳያስበው፣ «ተመስገን» አለ። አዳራሽ ውስጥ ኪቦርዱ እየጮኸ፣ እጁን ሽቅብ ዘርግቶ ስንት ዓመት ብሎታል! እንዲህ አንጀቱ ድረስ የወረደለት ግን የዚያን ዕለት ነው።

«አንተ ጴንጤ፣» አሉት እትዬ ወለቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ «ዛሬ ሃሌሉያ የለም እንዴ?»

«እሱ ላይ ነኝ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ጩኸቱ የታለ?»

«ውሃው ይጮህልኛል።»

ወር ሳይሞላ ሕዝቅኤል ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ማዴቦ ቤት መጣ። እሑድ ጉባኤ ፊት ቆሞ «ሰንበትን ሽሬአለሁ» እንዲል፣ ተራውንም እንዲተው፣ እምቢ ካለ ግን ከጌታ እራት እንደሚታገድ ነገረው።

«ውሃውስ?» አለ ማዴቦ።

«ውሃውን ጌታ ያውቃል።»

«የቅዳሜውን ግን አንተ ነህ የምታውቀው፣ አይደል?»

«ምላስህን ሰብስብ! ቦይ ውስጥ አምልኮ የለም።»

ከሄዱ በኋላ ማዴቦ ምግብ አልበላ አለው። ስድብ ለምዷል፤ ከዚያ ማዕድ መባረር ግን ሌላ ነው። አምኖ ከተጠመቀ ጀምሮ ቀርቶበት አያውቅም፤ እናቱም ከመሞቷ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ አጠገቡ ተቀምጣ እንጀራውን የተቀበለችው እዚያ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ፣ ሙዝ ሲቆርጥም አይሱዙ ላይ ሲጭንም፣ መልሱን ሲስል ሰነበተ። «እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ የምትዘምሩት እኔ እዚያ ስለቆምኩላችሁ ነው!» ይላል፤ ከዚያ ወደ ሕዝቅኤል ዞሮ ስለ በረቱ ያነሣል፤ ያን ጊዜ ማን እንደሚስቅ እናያለን ይላል።

እሑድ ጠዋት ውሃውን ለቀቀና ቦዩን ከቅዳሴ ለተመለሱት ለእትዬ ወለቴ አደራ ሰጠ።

«ቁጭ ብዬ አይልሃለሁ፤ ማየት ሥራ አይባልም፣» አሉት። «ብቻ ቶሎ ና፤ ጠርዙ ከተናደ እኔ አልደፍነውም።»

አዳራሹ ሞልቷል። ማዕዱ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ሕዝቅኤል ማይኩን ይዞ፣ «ወንድም ማዴቦ፣ ውጣና ጉባኤው ይስማህ፣» አለ።

ወጣ። ማይኩን ተቀበለ። ሦስት ዓመት የጠበቀው ቀን ይሄው፤ መልሱም ምላሱ ጫፍ ላይ ነው። ሊናገር አፉን ሲከፍት ግን አንድ ነገር ያዘው። ያን ውሃ የለቀቀው ለሕዝቅኤል ማሳፈሪያ አልነበረም። አሁን እዚህ ስለ ውሃው ቢናገር ውሃውም የሕዝቅኤል ስድብ መልስ ሆኖ ይቀራል፤ ሕዝቅኤልም እዚያ ድረስ እጁን አስገባበት ማለት ነው። «አጠፋሁ» እንዳይል ደግሞ ያ «ተመስገን» እንዴት ጥፋት ይሆናል? ይሄን አፉ እሺ አይለውም፤ ቢገርፉትም አይለውም።

«እየጠበቅን ነው፣» አለ ሕዝቅኤል። «ሰንበት የሻረ ሰው ምላሱም ይሻራል እንዴ?»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

ማዴቦ እነማን እንደሆኑ ለማየት አልዞረም። ማይኩን ወንበር ላይ አስቀመጠ። ወደ ማዕዱ ዞሮ፣ ለማዕዱ ብቻ፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ከዚያ በወንበሮቹ መካከል ቀጥ ብሎ ወደ በሩ ሄደ።

«ማዴቦ! መልስህ ምንድን ነው? ለጉባኤው መልስ እንጂ!» ድምፅ ማጉያው ውጭ ድረስ ተከተለው።

ተራው ገና አላለቀም። የቦዩ ጠርዝ ሳይናድ ለመድረስ እርምጃውን አፈጠነ።