«ውደቅ» ያሉ ዕለት

«ውደቅ! ውደቅ!» እያሉ ጋሽ ሀያቱ ከቁልቁለቱ ግርጌ ጮኹ። ከኋላ ይመጣ የነበረው፣ አነስ የተባለው ልጅ ታዞ በጎኑ ወደቀ። ከፊቱ ያለው፣ መቆም ያቃተው ልጅ ግን እንደ በረረ ወርዶ ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ጋር ተላተመ። ጋሽ ሀያቱ እየተጣደፉ ደረሱ። የተላተመችው ዊዳድ መሆኗን ያወቁት ለቅሶዋን ሲሰሙ ነው።

እዚህ ኮልፌ ቁልቁለት ላይ እሁድ እሁድ ስኬቲንግ ማስተማር ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ በነጻ። መቆምን ከማስተማራቸው በፊት መውደቅን ያስተምራሉ። ፍጥነቱ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ልጅ «ውደቅ» ሲሉት ይወድቃል፣ ይተርፋል። የተጎዳም ካለ ቁስሉን አጥበው፣ ስብራቱን አስረው ሐኪም ዘንድ ያደርሳሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚጠብቁት ቀን እሁድ ብቻ ነበር። ዓይናቸው እየደከመ መሆኑን ለማንም ያልተናገሩትም ለዚሁ ነው።

የዊዳድን ክንድ በካርቶን ደግፈው በፋሻ ማሰር ጀመሩ።

«ለምን አልወደቅሽም የኔ ልጅ?»

«‹ውደቅ› አሉ እኮ ጋሼ» አለች እያለቀሰች። «ለአነስ መስሎኝ ነው።»

ጋሽ ሀያቱ ፋሻውን ቋጠሩ። «ውደቂ» ነበር ማለት የነበረባቸው። ከሩቅ የታያቸው ግን ጥላ እንጂ ሴት ልጅ አልነበረችም።

ሰሀር ከቁልቁለቱ አናት ወርዳ አጠገባቸው ቆማለች፤ በልጅነቷ ያስተማሯት፣ ዛሬ ከላይ ሆና የምታግዛቸው። ሁሉንም ሰምታ ዓይናቸው መድከሙን ተረድታለች። በዚያ መሀል የዊዳድ አባት ኢብራር ከሱቁ እየሮጠ መጣ።

«አንቺ! ጋሼ ሲናገሩ አትሰሚም? ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ልጅቷ ጆሮ የላትም።»

ዊዳድ አንገቷን ደፋች። ሰሀር ወደ ጋሽ ሀያቱ ጠጋ አለች።

«ዝም ይበሉ» አለች በሹክሹክታ። «ከእንግዲህ አብሬዎት እቆማለሁ። ማንም አያውቅም።»

ዝም ማለት አማራቸው። ዝም ካሉ እሁዳቸው አይነካም። ጭር ያለው ቤታቸው ትዝ አላቸው። ዊዳድ በደህናው እጇ አፍንጫዋን ጠረገች፤ «‹ውደቅ› ነው ያሉት» ብላ ለአባቷ አልከሰሰቻቸውም።

«አትቆጣት ኢብራር» አሉ። «ልጅህ ሰምታለች። ሴት መሆኗን ሳላይ ‹ውደቅ› ያልኩት እኔ ነኝ። ዓይኔ ከድቶኛል። ደብቄያችሁ ነው።»

ኢብራር ልጁን አቅፎ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። ልጆቹም የስኬቲንግ ጫማቸውን እያወለቁ አንድ ሁለት እያሉ ተበተኑ።

«ካሁን በኋላ እዚህ የምትቆሚው አንቺ ነሽ» አሏት ሰሀርን።

«ጋሼ፣ እንዲህማ አይሆንም…»

«ይሆናል።» እጃቸውን ዘረጉላት። «በይ ነይ፣ አስፋልቱን አሻግሪኝ።»